የታንኳ ዕድሜ

በጥቅምት ማለዳ ሽማግሌ ላክሁኝ፣
ሽምብጥ ከውሃው ዳር፣ ልጅ እንዲለምኑልኝ።
አጎቴ አንማው ነው አፍ የሆናቸው፣
ሁለቱ ከኋላ ራስ ነቅናቂ ናቸው።
የልጅቱ አባት ጋሽ ይርሳው ይባላሉ፣
ደንገል እየጠፈሩ ታንኳ ይሠራሉ፤
አሥር ቋጠሮ አሥረው አንድ ቃል ይላሉ።

«ልጃችን» አለ አንማው፣ «ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው።»
«ሥራውስ ምንድን ነው?»
ሌሊቱን ያጠናው ንግግር ከአፉ ላይ ጠፋው፤
«ብድር ነው» አለ፣ «ብድር... ለከተማው።»
«ማነው ተበዳሪው?»
«እሱ ነው» ሲል አንማው፣
ቤቱ ጭጭ አለ። ድንጋዩን የሚመታው ማዕበል ብቻ ነው።

እኔ ከባጃጅ ውስጥ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ጥፍሬን ስቆረጥም፣ ደቂቃ ስቆጥር፣
አንማው መጣና በመስኮት አጮልቆ፣
«ወግ ይቅር፣ አንተው ና» አለኝ ተሳቅቆ።
«በሬና መሬት ነው እኔ የማውቀው፣
ያንተን ሥራማ አፌ አልለመደው።»

ገብቼ ቆምሁኝ፤ ሙሽራ ልሁን ተከሳሽ እንጃ፣
ላብ ያረጠበው መታወቂያዬ አንገቴ ላይ እንደ ማስረጃ።

«ጋሼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ይሞላል፣
ከቀበሌ አሥራ አንድ እዚህ ድረስ ይመጣል።
ቱቦ እንዳይቀበር ካዝናው ባዶ ነው፣
የዘንድሮ ግብር ለዘንድሮ ደሞዝ ነው።
ስለዚህ ወረቀት ነው እኛ የምንሸጠው፤
ቦንድ ይባላል።
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ አይደል? ያጎብጣል፤
ለሃምሳ ሲያካፍሉት ግን ጌጡ ይሆናል።
ነጋዴው ይገዛል፣ ዕድሩም ይገዛል፣
በየዓመቱ መጥቶ ወለዱን ይወስዳል፣
ሃያ ዓመት ሲሞላ ዋናው ይመለሳል።»

«ዋሱስ ማነው?» አሉኝ።
እዚህ ላይ እኔንም ጉሮሮዬን ያዘኝ።
ዋሱ ገና አልተወለደም፤
በሰንጠረዤ ረድፍ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለውም።
ከሃያ ዓመት በኋላ ቧንቧ ከፍቶ ሲጠጣ፣
የእኔን ፊርማ ይከፍላል፣ ሳይጠየቅ የመጣ።

ጋሽ ይርሳው ዝም አሉ። ደንገል አነሡና፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቴ ጠበቅ አረጉና፦
«ይህቺ ታንኳ ስንት ጊዜ ትቆያለች?»
«እንጃ።»
«ፀሐይ እየሞቀች፣ እየደረቀች፣
ስድስት ወር። ከዚያ ወዲያ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች፤
ለማገዶ እንኳ አትሆን፣ ትበሰብሳለች።
አንድ ሰው ነበረ፣ ከደቅ የመጣ፣
‹ዋጋዋን በሦስት ክረምት ከፋፍዬ ላምጣ›
ብሎኝ ሰጠሁት። ታንኳዋ ጥርን አላለፈችም፤
ዕዳዋ ግን አልሰመጠም፣
ሁለታችን መሐል ተንሳፎ አለ ዛሬም።
ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፣
እኔም ሳየው ያመኛል።
ሳትበሰብስ ታንኳ ዕዳዋ ይለቅ፤
ይኸው ነው የማውቀው። ሌላውን አላውቅ።»

ጆሮዬ ጋለብኝ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰኞ ሊፈረም ያለው ሰነድ ትዝ አለኝ፦
ቱቦው አለ፣ አዎ። ከቱቦው ጀርባ ግን
የዘንባባው ጎዳና መብራት፣ የአጥር ቀለም፣ የቢሮ መኪኖችን
በሃያ ዓመት ዕዳ ጠቅልዬ አሥሬ ነበር።
መብራቱ አራት ክረምት አይሻገር፤
ቀመሩ ግን ልክ ነበር፣
ሦስት ጊዜ አረጋግጬው ነበር።

«አባ፣» አለ ከጓዳ የትሁኔ ድምፅ፣ «ወለዱን አልጠየቅኸው!»
አጎቴ አንማው ሳቀ፣ ምኑ እንዳሳቀው ሳይገባው።
ጋሽ ይርሳው ግን አልሳቁም። «መልሱ የሷ ነው፤
ለኅዳር ሚካኤል ተመለሱ»
አሉ፣ ገመዱን እየነከሱ።

እሑድ አመሻሽ ላይ ዘበኛውን ለምኜ ቢሮ ገባሁ፣
ሰነዱን ለሁለት ከፈልሁ፤
መብራቱን ለአራት ዓመት፣ መኪናውን ለዘንድሮ በጀት።
አለቃዬ ጠዋት የሚለውን አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰማሁት።
ከመስኮቱ ወዲያ እንጨት የጫነች ታንኳ፣ ግማሿ ውሃ ገብታ፣
ትሄዳለች በእርጋታ።
በሃያኛው ዓመት ረድፍ፣ ስም በሌለው ቤት፣
ቱቦውን ብቻ ተውሁት።